ኮሚቴው ኢዝ ወይስ አር?

ድሬዳዋ ቋንቋ የማትፈራ ከተማ ናት። መጋላ ገበያ ውስጥ በኦሮምኛ ተጀምሮ፣ በሶማሊኛ ተከራክሮ፣ በአማርኛ የሚያልቅ የብርቱካን ዋጋ አለ። ይሄ ሁሉ ቋንቋ ያልከበደው ሰው ግን ከዚራ የማታ ክፍል ገብቶ የእንግሊዝኛ ደብተር ሲገልጥ አንዲት ፊደል ትጥለዋለች። ኤስ ትባላለች።

ኤስ ስም ላይ ስትለጠፍ ብዙ ማለት ናት። ቦይ አንድ ልጅ ነው፣ ቦይስ ልጆች ናቸው። እስከዚህ ሰላም ነው። ግስ ላይ ስትለጠፍ ግን ተገልብጣ አንድ ማለት ትሆናለች። ልጁ ሲጫወት ቦይ ፕሌይስ፣ ልጆቹ ሲጫወቱ ቦይስ ፕሌይ። ከባለቤቱ ዘንድ ካደረች ግሱ ዘንድ አትታይም፤ ግሱ ዘንድ ካደረች ባለቤቱ ብቻውን ያድራል። አብዛኛውን ጊዜ ማለቴ ነው። ይህችን ባሕርይ ይዛ ድሬ ብትኖር ሰፈሩ ስም ያወጣላት ነበር።

ደግሞ ግስ ላይ የምትለጠፈው ኤስ የለንደን ተወላጅ አይደለችም። ከሰሜን እንግሊዝ አነጋገር ቀስ እያለች ወርዳ ነው የሌላ ድምፅ ቦታ የያዘችው። በዚህ በኩል እንኳን አንፈርድባትም። የኛም ከተማ በ1902 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ሁላችንም ከሆነ ቦታ ወርደን ነው።

የኛ ችግር አማርኛችን በቁጥር ጉዳይ ቸር መሆኑ ነው። «አስር ሰው መጣ» ብትል ማንም አይታዘብህም። አስሩም በአንድ ግስ ተጠቅልለው ይገባሉ። አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ሲገቡ ደግሞ «መጡ» እንላለን። አስሩን አንድ፣ አንዱን ብዙ የሚያደርግ ቋንቋ ይዘን ነው እንግሊዝ ደጃፍ የቆምነው።

ያውም ይሄ የመሀል አገር ደንብ ነው። ድሬ ላይ ሽማግሌውም «መጣ» ነው። አንቱታን ሙቀቱ ከባቡሩ ሳይወርድ አቅልጦታል። የሰፈሩ አዛውንት በራፍ ላይ ቁጭ ብሎ «ዋሪያ፣ ና እስቲ!» ይልሃል። አንተም «ምን ፈለግክ አባባ?» ትለዋለህ። ማንም አልተቀየመም። ከአዲስ አበባ የመጣ አዲስ አማች ግን ይሄን ሲሰማ ላብ በላብ ይሆናል፤ ሙቀቱ ነው ብሎ ይሸፍነዋል።

ማታ ክፍል ውስጥ አንድ የባቡር ጡረተኛ አለ። (በድሬኛ ነው የማወራው፣ አትታዘቡኝ።) መምህሩ «ዩ አር» ብሎ ሲጽፍ እጁን አወጣ።

«አንተ ልጅ፣ አር ለብዙ ነው አላልክም? እኔ አንድ ነኝ እኮ።»

መምህሩ አስረዳው። ዱሮ እንግሊዞች ለአንድ ሰው «ዛው» ይሉ ነበር። «ዩ» የብዙዎች ነበረች። ኋላ ትልቅ ሰውን ለማክበር አንዱንም «ዩ» ማለት ጀመሩ። ማክበሩ ተስፋፍቶ ተስፋፍቶ ዛው ከመንገድ ጠፋች፤ ለማኙም ንጉሡም ዩ አር ሆነ።

ጡረተኛው አሰበበትና «እነሱ ሁሉንም እርስዎ አሉ፣ እኛ ሁሉንም አንተ አልን። ያው ተገናኘን አቦ!» አለ። ቀጥሎ ፈረንሳይኛን አመሰገነ። ፈረንሳይኛ ጨዋ ነው አለ፤ አንዱም ሲናገር ኢል ፓርል፣ ብዙዎቹም ሲናገሩ ኢል ፓርል። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ጆሮ አያስቸግርም።

ክፍሉ የተነቃቃው ግን ኮሚቴ ላይ ሲደረስ ነው። እንግሊዞች ኮሚቴን፣ ቡድንን፣ መንግሥትን በሁለት መንገድ ያያሉ። እንደ አንድ አካል ሲቆም ኢዝ፣ ማለትም «ነው»፣ ይሉታል። አባላቱ በየራሳቸው ሲታሰቡ አር፣ ማለትም «ናቸው»፣ ማለት ይችላሉ። አሜሪካኖች አብዛኛውን ጊዜ ኢዝ ብለው ይገላገላሉ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ይሄን ሕግ እድር ውስጥ ሲኖርበት ኖሯል።

የእድር ኮሚቴ መዋጮ ሲጨምር ኢዝ ነው። «ኮሚቴው ወስኗል» ይባላል። አንድ አፍ፣ አንድ ልብ፣ አንድ ማኅተም። ድንኳኑ የት ገባ ተብሎ ሲጠየቅ ወዲያው አር ይሆናል። ሰብሳቢው ወደ ገንዘብ ያዡ ያያል። ገንዘብ ያዡ ወደ ንብረት ክፍሉ። ንብረት ክፍሉ ሐዘን ላይ ነው፣ አይጠየቅም። በሚቀጥለው ወር ቅጣት ሲመጣ ተሰብስበው ተመልሰው ኢዝ ይሆናሉ።

«ኤቭሪባዲ» የምትለውም እንዲሁ። ትርጉሟ ሁሉም ሰው ሆኖ ግሷ ነጠላ ነው፤ ኤቭሪባዲ ኢዝ። ባለፈው የሰፈር ጽዳት ላይ ሁሉም ይመጣል ተባለ። አንድ ሰው መጣ። ሰዋስው ያልተማረ ነው የተናደደው።

«ቱጌዘር ዊዝ» ደግሞ ለሠርግ የተሠራች ሕግ ናት። እንግዳው ከልጆቹ ጋር መጣ ሲባል፣ ልጆቹ ስንትም ይሁኑ ግሱ እንግዳውን ብቻ ይቆጥራል። ስድስት ልጅ አስከትሎ በአንድ ካርድ የሚገባ አጎት አለኝ። በሩ ላይ ሲያቆሙት እንግሊዝኛ አልጠቀሰም እንጂ ከጎኑ ነበረች።

የቀረችው የ«ወይም» ሕግ ናት። ወይ እሱ ወይ እነሱ ሲባል ግሱ የሚስማማው ቅርቡ ካለው ጋር ነው። መምህሩ ይህችን ሲያስተምር ሰሌዳው ላይ «ኢዘር ዘ ቲቸር ኦር ዘ ስቱደንትስ ፔይ» ብሎ ጻፈ። ወይ መምህሩ ወይ ተማሪዎቹ ይከፍላሉ። ለግሱ የቀረቡት ተማሪዎቹ ናቸው። ከክፍል በኋላ ሻይ ቤት ተገባ፤ ሒሳቡም በሰዋስው መሠረት ተከፈለ። ጡረተኛው ተራው ይገለበጥና መምህሩ ወደ ግሱ ይጠጋ ብሎ ጠይቆ ነበር። መምህሩ እሱ የሚቀጥለው ምዕራፍ ነው አለው። እስካሁን እዚያ ምዕራፍ አልደረሱም።