የሁለት ሰዓት ቪዲዮ ጭኖ «ተማሪው ጠፋ» ማለት አይቻልም

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ አላቸው። የኦንላይን ተማሪው ግን ብዙ ጊዜ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳንግላ ወይም ፍኖተ ሰላም ሆኖ ቀን ሲሠራ ውሎ ማታ በስልኩ የሚማር ሰው ነው። እሱ ኮርሱን ሲያቋርጥ «ፍላጎት የለውም» ወይም «ኔትወርክ የለም» ይባላል። የኔትወርኩ ነገር እውነት ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አይዘነጋም። ሆኖም ኔትወርክ በሞላበት አገርም ተማሪ ይጠፋል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎቹ ሃርቫርድና ኤምአይቲ ኤዴክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ለሁሉም ክፍት ባደረጓቸው ኮርሶች እ.ኤ.አ. በ2017–18 ከተመዘገቡት ያጠናቀቁት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው።

በእኔ እምነት ተማሪ የሚጠፋው ኮርሱ ምንም ስለማይጠይቀው፣ ሠርቶ ሲልክም መልስ ስለማያገኝ ነው።

መጀመሪያ ግን የዳታው ነገር። በሰከንድ 1.5 ሜጋቢት የሚወስድ የ1 ሰዓት ቪዲዮ 675 ሜጋባይት ይበላል። ያው ትምህርት በድምፅ ብቻ፣ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ቢቀዳ ከ15 ሜጋባይት አይበልጥም። ድምፁ ከፒዲኤፍ ጋር በቴሌግራም ከተላከ፣ ተማሪው ኔትወርክ ሲያገኝ አውርዶ ሲመቸው ያዳምጠዋል። ቪዲዮ በእጅ ተሠርቶ መታየት ላለበት ነገር ይቀመጥ። ሲቀዳ ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ክፍሉ ባዶ ከሆነ ድምፁ ያስተጋባል። ክረምት ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅዳት ግን ከንቱ ድካም ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የኤዴክስ ቪዲዮዎች ጥናት፣ ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም የተመልካቹ የቆይታ ጊዜ መካከለኛ ልክ ከ6 ደቂቃ እንደማይዘል አሳይቷል። ይህን የሰማ መምህር የሁለት ሰዓቱን ሌክቸር 20 ቦታ ይቆርጠዋል፤ ሐሳቡም መሐል ላይ ይበጠሳል። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጥያቄ ጀምሮ መጨረስ አለበት፤ ካልሆነ እንደገና ይቀዳ።

ከእያንዳንዱ ቁራጭ ቀጥሎ ተማሪው የሚሠራው ነገር ይምጣ። እዚህ ላይ ነው ብዙው ኮርስ የሚወድቀው። «ሁሉም መልስ ናቸው» የሚል ምርጫ ማንንም አያስተምርም። የተሳሳቱት ምርጫዎች ሰው በእርግጥ ከሚሳሳተው ስሕተት ይወሰዱ። 1/2 + 1/3 ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ 2/5 ከምርጫዎቹ አንዱ ይሁን፤ ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ የደመረ ሁሉ እሱን ይመርጣልና። በቴሌግራም ኩዊዝ ማብራሪያ ማስገባት ስለሚቻል፣ «2/5 ከግማሽ ያንሳል፤ ግማሽ ላይ ተጨምሮበት እንዴት አነሰ?» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ተማሪው ስሕተቱን እዚያው ያየዋል።

ጎጃም ይህን አሠራር ያውቀዋል። በዋሸራም ሆነ በዲማ የቅኔ ጉባኤ ቤት፣ ተማሪ ቅኔውን ቆጥሮ (አስቦ ገጥሞ) መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ፊት ለፊት ያርመዋል። ያልነገረ ተማሪ ዋለ አይባልም።

ስለዚህ ሳምንታዊ ሥራው አጭር ይሁን፤ ከጠቅላላ ውጤቱም 40 በመቶ ያህል ይያዝለት። መኮራረጅ የሚያሰጋው መምህር ከተማሪው የራሱ ሥራ የሚመነጭ ጥያቄ ይስጥ፤ ለምሳሌ ተማሪው ቀን የሚያስተምር ከሆነ «በዚህ ሳምንት ክፍልህ ውስጥ ያየኸውን አንድ የክፍልፋይ ስሕተት ጻፍ» ከተባለ ከጓደኛ መገልበጥ ይከብዳል። ማስረከቢያው እሑድ እኩለ ሌሊት ብቻ ከሆነ መብራት የጠፋበት ሁሉ ዜሮ ያገኛል፤ ከዓርብ እስከ ማክሰኞ ክፍት ይሁን።

300 ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ ደፍሮ የሚጠይቅ የለም። 10 ወይም 12 እየሆኑ በየከተማቸው ይከፈሉ፤ ለየቡድኑም አስተባባሪ ይመረጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ያላስረከበ ተማሪ በሁለተኛው ሳምንት መግቢያ ላይ ስልክ ይደወልለት። ኢሜይል ብዙዎቹ አይከፍቱም፤ በአራተኛው ሳምንት መደወል ደግሞ የረፈደ ነው።

ለተላከ ሥራ መልሱ በ48 ሰዓት ውስጥ ይድረስ። ለአንድ ተማሪ 3 ደቂቃ ቢመደብ ለ60 ተማሪ 3 ሰዓት ይሆናል፤ እርማቱን በድምፅ መላክ ከመጻፍ ይፈጥናል። እነዚህ 3 ሰዓታት ግን መምህሩ ከእንቅልፉ የሚሰርቃቸው መሆን የለባቸውም። ትምህርት ክፍሉ የማስተማር ጫናውን ሲያሰላ ክፍል ገብቶ እንዳስተማረ ይቁጠርለት፤ ተማሪው ከ60 ሲያልፍም ሁለተኛ አራሚ ይመድብለት።