ማስተካከያ፦ ፎርት ጂሰስን የሠሩት ኦማኖች አይደሉም

የሞምባሳው ፎርት ጂሰስ "ኦማኖች የሠሩት ምሽግ ነው" የሚል ጽሑፍ እየተዘዋወረ ነው። ልክ አይደለም። ግንባታውን በ1593 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የጀመሩት ፖርቹጋሎች ናቸው፤ ንድፉ የጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ ነው። ኦማኖች የደረሱበት ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። በ1696 ከበቡት፣ ውስጥ ያሉት ሰዎች በረሃብና በበሽታ እያለቁ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በዲሴምበር 1698 ምሽጉ እጃቸው ገባ። ይህን ሁሉ መከራ ዘሎ "ኦማኖች ሠሩት" ብሎ ማለፍ ያሳዝናል። ፖርቹጋሎች በ1728 መልሰው ቢይዙትም ብዙ አልቆዩም። እንግሊዞችም ከ1895 ጀምሮ እስር ቤት አደረጉት እንጂ አልገነቡትም። ኦማኖች የሠሩት የዛንዚባሩን አሮጌ ምሽግ ነው፤ የተምታታው ከእሱ ጋር ሳይሆን አይቀርም።