ጣና ዳር ስኪ?

ኧረ ዘመዶቼን አንድ በሉልኝ! ካናዳ ያለው የልጆቼ አጎት እሁድ በመጣ ቁጥር ይደውልና «ልጆቹን ስኪ አስለምዷቸው» ይለኛል። ስኪ እኮ በረዶ ላይ መንሸራተት ነው፤ የት ላይ? ባሕር ዳር በረዶ ያለው ጁስ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ነው። አዎ፣ ሮቤል ተክለማርያም በፈረንጆቹ 2006 ቱሪን፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሎምፒክ በስኪ ወክሎናል፤ አንጀታችንን አርሶታል። እሱ ግን ያደገው አሜሪካ ነው!

ወንዱ ልጄ እንደሆነ ልቡ ሸፍቷል። ባለፈው ቢጫ ጀሪካን ሰንጥቆ፣ በጫማ ክር እግሩ ላይ ጠፍንጎ፣ ቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁለት ላይ ሲንሸራተት ያዝኩት። ጉልበቱ ተልጧል፤ ሱሪውንማ ተዉት። አባቱ «ኳስ ይጫወት» ብሎ ድርቅ ብሏል። እናቴ ደግሞ «ስፖርት እንጀራ ይሆናል ወይ?» ትላለች።

ሴቷ ዋና ነው የምትፈልገው። ሐይቁ ደጃችን ነው፤ ግን ቢልሃርዚያው አለ፣ ጉማሬው አለ። የሆቴል መዋኛ እንዳንል ዋጋው የሳምንት አስቤዛ ነው።

እኔን የሚያበግነኝ ልጆቹን «እናንተስ?» የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። የስኪ ተወዳዳሪዎች እኮ በረዶ በሌለበት ወራት ጎማ ባለው ስኪ አስፋልት ላይ ነው የሚለማመዱት። ልጁ የወደደው መንሸራተቱን ከሆነ፣ የመንገዱ ዘንባባ ሥር ስኬቲንግ ይሞክራ! ለእሷም ዋና የሚያስተምር ይፈለግላት። አጎትየውም በየእሁዱ ምክር ከሚልክ የስኬቲንግ ጫማ በሰው ይላክ። የጉልበት መከላከያውንም እንዳይረሳ።