የሽንኩርቱ ዋጋ «ሀ» ይባል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ተማሪ የቃላት ጥያቄን በራሱ መንገድ ቢመልስም እኩልታ እንዲጽፍ ይገደድ?

የ8ኛ ክፍል መምህርት፦ አዎ፣ ይጻፍ። እናት 500 ብር ይዛ ወጣች። 3 ኪሎ ሽንኩርት ገዛች፣ ለታክሲ 20 ብር ከፈለች፣ 210 ብር ተረፋት። ኪሎው ስንት ነው? ዋጋውን ሀ እንበለው። 3ሀ + 20 + 210 = 500። ስለዚህ 3ሀ = 270፣ ሀ = 90። የወጣውና የተረፈው ተደምሮ የያዘችው ብር ነው። ታሪኩ በሙሉ አንድ መስመር ላይ ሰፈረ። ልጁ ከተሳሳተም የቱ ጋ እንደሳተ አያለሁ።

የ5ኛ ክፍል መምህር፦ እህቴ፣ ይህንንማ ጉሊት እናቱን የሚያግዝ ልጅ ከ500 ላይ 210ንና 20ን ቀንሶ፣ ለ3 አካፍሎ በቃሉ ይነግርዎታል። እኔ አንዴ እንዲህ በትክክል ለመለሰ ልጅ «እኩልታው የታለ?» ብዬ ማርክ ቀንሼበታለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። «አልጀብራ» የሚለው ስም የመጣው ከሒሳብ ሊቁ ከአል-ክዋሪዝሚ መጽሐፍ ነው። እሱ ራሱ በ9ኛው ክፍለ ዘመን እኩልታዎቹን የጻፈው በቃላት ነበር፤ ያለ ፊደል።

መምህርት፦ ማርክ መቀነሱን እኔም አልደግፍም። ግን ይህን ይሞክሩት። አባት 41፣ ልጅ 11 ዓመታቸው ነው። ከስንት ዓመት በኋላ አባት የልጁን ዕድሜ እጥፍ ይሆናል? 41 + ሀ = 2(11 + ሀ)። ሀ = 19። የማይታወቀው በሁለቱም ወገን ሲመጣ ወደ ኋላ እየቀነሱ መሄድ አያዋጣም።

መምህር፦ ልዩነታቸው 30 ነው፤ መቼም አይለወጥም። ልጁ 30 ሲሞላው አባቱ 60። አለቀ! የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። «ተማሪዎች የመምህራን 6 እጥፍ ናቸው» ብለው ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። የተማሪዎቹ ብዛት ተ፣ የመምህራኑ መ ይባል። ብዙ ልጆች 6ተ = መ ይሉዎታል። ትክክሉ ተ = 6መ ነው። ቃላቱን በተራቸው ገለበጧቸው እንጂ አላሰቡም። ፊደሏ ብዛት መሆኗ ቀርቶ የሰው ምልክት ሆነችባቸው።

መምህርት፦ እሱ የእኔም ራስ ምታት ነው። ግን ባይጽፉት ኖሮ በምን ያዩት ነበር? እኔ ከእኩልታው በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር አስጽፋለሁ፦ «ሀ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ ነው፣ በብር»። «ሀ ሽንኩርት ነው» ያለኝን አስደግመዋለሁ። የ30 ዓመቱ ብልሃት ደስ ይላል። ብልሃቱ ያልመጣለት ልጅስ ምን ይያዝ?

መምህር፦ ዓረፍተ ነገሯን ወስጃለሁ። ግን እኔ ክፍል ፊደል አይቸኩልም። መጀመሪያ «3 ጊዜ የኪሎው ዋጋ ሲደመር 230፣ 500 ይሆናል» ብለው በቃላት ይጻፉ። ያ ሲረዝምባቸው «መምህር፣ ማሳጠር ይቻላል?» ይሉኛል። ሀን ያኔ እሰጣቸዋለሁ።