ማስተካከያ፦ ሆራስ ግሪሊ የሞተው ከምርጫው በኋላ ነው

ስለ 1872ቱ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሰሞኑን ሲዘዋወር የነበረው ጽሑፍ ላይ ሁለት ነገር መታረም አለበት። የኒውዮርክ ትሪቢዩን ጋዜጣ መሥራችና የምርጫው ዕጩ ሆራስ ግሪሊ ሕዝቡ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ሞተ የተባለው ልክ አይደለም። ምርጫው ኖቬምበር 5 ተካሂዶ በወቅቱ ፕሬዚዳንት በግራንት ተሸነፈ፤ የሞተው ኖቬምበር 29 ነው። ባለቤቱም ያረፈችው ምርጫው ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ነበር። ሰውየው የሞተው ከሕዝቡ ምርጫ በኋላ ፕሬዚዳንቱን በይፋ የሚመርጡት የየክፍለ ግዛቱ ወኪል መራጮች ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ስለነበር የእሱ ድምፅ ለሌሎች ተበታተነ፣ ሦስት የጆርጂያ መራጮች ግን ለሟቹ ሰጡት፤ ኮንግረስ አልቆጠረውም።

ሌላው፣ «ለውጥ ፈላጊ ጋዜጠኞች በሙሉ ከጎኑ ቆሙ» የሚለው ነው። በፍጹም! ግሪሊን ያጩት ሊበራል ሪፐብሊካኖች ከግራንት ሪፐብሊካን ፓርቲ የወጡት ሙስናን ተቃውመው፣ የመንግሥት ሥራ በችሎታ እንዲሰጥ ፈልገው ነው። ብዙዎቹ የገቢ ዕቃ ቀረጥ እንዲቀንስም ይሟገቱ ነበር። ግሪሊ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ለከፍተኛ ቀረጥ የተከራከረ ሰው ነው። የኔሽን መጽሔት አዘጋጅ ጎድኪን ዕጩነቱን ክፉኛ ተቃወመ። አንድ ነገር ደግሞ ተዘሏል፣ እኔ ትልቁ ጉድለት የምለው እሱን ነው፦ እነዚሁ ለውጥ ፈላጊዎች ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የነበረው የፌዴራል ጦር ከደቡብ ክፍለ ግዛቶች እንዲወጣ ይወተውቱ ነበር፣ ከባርነት ነፃ የወጡት ጥቁሮች ደግሞ ከለላቸው ያ ጦር ነበር።