ለተከበሩ «ሲስተም የለም» የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ «ሲስተም የለም»
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሐሙስ ዕለት እርስዎን ስንጠብቅ ስለ ሰው አገር ሲስተም የተነጋገርነውን ስለማሳወቅ

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔ በጅማ ከተማ የአንድ ዕድር ገንዘብ ያዥ ነኝ። እርስዎ አያውቁኝም። እኔ ግን አማቼን የማገኘው ለበዓል ለበዓል ሲሆን፣ እርስዎን የማገኘው ባንክ በሄድኩ ቁጥር ነው።

ባለፈው ኅዳር፣ በሐሙስ ገበያ፣ ከሊቀ መንበራችንና ከጸሐፊያችን ጋር ሔርማታ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ባንክ ሄድን። የዕድር ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ፊርማ ነው። ደንቡ የወጣው አንዳችን ብቻችንን እንዳንበላው ነው፤ ተስማምተን እንዳንበላው የሚከለክል ደንብ ገና አልወጣም። የሄድነው ድንኳን ልንገዛ ነበር። አሮጌው ባለፈው ክረምት አራት ቦታ ተቀድዶ ለቀስተኛው ከእንባው ይልቅ በዝናብ ረጥቧል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተራ ቁጥር 41 ተሰጠን። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ አንገቷን እንኳ ቀና ሳታደርግ ሁለቱን መዳፎቿን ገለበጠች። እርስዎ መሆንዎን ያወቅነው በዚህ ነው። ስምዎን የጠራችው በኋላ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ግን ምንም አልጎደለበትም። አንድ የውጭ ጣቢያ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ የኒው ዮርክ የባንኮች ሠፈር በሆነው በዎል ስትሪት ላይ የተነሣውን ተቃውሞ የቆየ ምስል ያሳይ ነበር፦ ድንኳን፣ ከበሮ፣ ካርቶን ላይ የተጻፈ መፈክር። ሊቀ መንበራችን የጡረታ መምህር ናቸው፤ ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥንና መውጫ የሌለው ተሰብሳቢ ባንድ ላይ ሲያገኙ ዝም ማለት አይችሉም።

ማብራራት የጀመሩት ከጎናችን ለተቀመጠው ቡና ሰብሳቢ ነው። ሰውየው ተራው 40 ነበር፤ ቁጭ ብድግ ይላል፣ ስልኩን ይጎረጉራል። ገበሬዎቹ ጥሬ ገንዘብ ካላዩ እሸት ቡናቸውን አያስመዝኑለትም። ቀይ እሸት ደግሞ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምራል፤ «ሲስተም እስኪመጣ ታገሥ» ቢሉት አይሰማም።

«ይህን አንተ ከማንም ይልቅ ትረዳዋለህ» አሉት መምህር። «በጆንያው አፍ ላይ አንድ በአንድ የተለቀመ ቡና ታደርጋለህ፤ ከሥሩ የሻገተና ጠጠር። ደረጃ መዳቢው ክፍያውን የሚቀበለው ከሻጩ ነው። ስለዚህ ማኅተሙን ይመታል፤ አንደኛ ደረጃ። እነዚያም መክፈል ለማይችል ሰው የቤት ብድር ሰጡ፣ ብድሩን ከደኅናው ጋር ቀላቅለው አሰሩ፣ ለዓለም ሸጡት።»

«ከሸጡ በኋላስ?»

«አንዳንዱ ጆንያው እንደሚበሰብስ ተወራረደ። ሲበሰብስ ከውርርዱም በላ።»

ቡና ሰብሳቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ስልኩን አስቀመጠ። «ይህን እኛ አላሰብነውም» አለ፤ በቅናት ይመስለኛል።

መምህር ማስረጃ ይወዳሉ። ጎልድማን ሳክስ የተባለው የዎል ስትሪት ባንክ እንዲህ ያለ ነገር ሲሸጥ ለገዢዎች የተሟላ መረጃ አልሰጠም ተብሎ ተከስሶ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ2010 ዓ.ም. 550 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ዘጋ። ሌላው ባንክ፣ ሌማን ብራዘርስ፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 5 ቀን 2001 ከስሮ ወደቀ፤ በዚያው መስከረም የአሜሪካ ምክር ቤት ለባንኮቹ ማዳኛ 700 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። ኤአይጂ የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ በሕዝብ ገንዘብ ነፍስ ከዘራ በኋላ፣ ኪሳራውን ባመጣው ክፍል ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች 165 ሚሊዮን ዶላር ቦነስ ከፈለ። ቦነስን ጉርሻ ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ግን ጉርሻ እኮ ከራስ መሶብ ነው።

ታዲያ ሌማን በወደቀ በሦስት ዓመት ከአንድ ቀን፣ መስከረም 6 ቀን 2004፣ ሰዎች ኒው ዮርክ ዙኮቲ ፓርክ ገብተው አደሩ። ድንኳኑም ተከተለ። «እኛ 99 በመቶ ነን» አሉ፤ ሀብቱን የያዘው አንድ በመቶው ነው ለማለት።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ እርስዎን በመጠበቅ ላይ የነበረው የጅማ ሕዝብ የሰጠው አስተያየት የሚከተለው ነው።

ለሆቴሎች እንጀራ የሚያቀርቡት እትዬ ድንኳኑን አይተው ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። «ማን ሞቶባቸው ነው?» መምህር ማንም እንዳልሞተ አስረዱ። እትዬ ግን እስከ መጨረሻው አላመኑም፤ ይህን ያህል ድንኳን ያለ ሬሳ!

ቡና ሰብሳቢው «ሥራ የላቸውም እንዴ ቀኑን ሙሉ ቁጭ የሚሉት?» አለ። ይህን ሲል ሰዓቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነው፤ እሱ ከተቀመጠ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ነው። ብቻውን ግን አልነበረም። ኒውት ጊንግሪች የተባለው የአሜሪካ ፖለቲከኛ በዚያው የተቃውሞ ወቅት፣ ታጠቡና ሥራ ፈልጉ ብሏቸዋል። ሌላው ፖለቲከኛ ሄርማን ኬይን ደግሞ ሥራ የሌለውና ሀብታም ያልሆነ ራሱን ይውቀስ ብሎ ነበር። ሥራ ያጡት በማን ጆንያ እንደሆነ ሁለቱም አልጠየቁም።

ዘበኛው ከበሩ ሆኖ «ፈቃድ አላቸው?» አለ። ፓርኩ የግል ኩባንያ ንብረት እንደሆነ፣ ግን ሌት ተቀን ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ግዴታ ያለበት መሆኑን መምህር ነገሩት። ዘበኛው የግል ሆኖ ክፍት የሆነ ግቢ መኖሩን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የገባውን ሁሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ፈተሸ።

የባጃጅ ሾፌሩ ከበሮው ደስ ብሎታል። በፓርኩ አካባቢ የሚኖሩት ግን አልወደዱትም፤ ከበሮው በቀን ከሁለት ሰዓት እንዳይበልጥ ጠይቀዋል።

ሐጂ ከመቁጠሪያቸው ቀና ብለው «ነገሩ ወለድ ነው» አሉና ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ። መምህር በግማሽ ሰዓት ያልጨረሱትን ጨረሱት።

እኔን ያናደደኝ ግን የራሳችን ጸሐፊ ነው። «ጥያቄያቸው ምንድን ነው? አጀንዳ የላቸውም፣ ቃለ ጉባኤ የላቸውም። ምን እንደሚፈልጉ ራሳቸውም አያውቁም» አለ። ይህንኑ የአሜሪካ ጋዜጦችም ሳይሰለቹ ሲሉት እንደ ነበር መምህር ነገሩን። እሺ፤ እነሱ የሚፈልጉትን አያውቁም ይባል። እኛስ? እኛ የምንፈልገውን እስከ ሳንቲሙ እናውቅ ነበር። ጥያቄያችን በቅጽ ተሞልቶ፣ በሦስት ፊርማ ጸድቆ፣ ማኅተም አርፎበት፣ እጄ ላይ በላብ እየረጠበ ነበር። የራሳችንን ገንዘብ ነው የጠየቅነው። አርባ አንድ ሰው ምን እንደሚፈልግ አጥርቶ አውቆ፣ ምንም ሳይል፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ባሕር ማዶ የተነሣውን ሰው ይገመግማል።

ከሁሉም ያስገረመኝን ልንገርዎ። በዚያ ፓርክ ያለ ፈቃድ ድምፅ ማጉያ መጠቀም አይቻልም ነበር። ስለዚህ ተናጋሪው አንዲት ሐረግ ይልና ያቆማል፤ በአጠገቡ ያሉት በአንድ ድምፅ ይደግሙታል፤ ከኋላ ያሉት ደግሞ ከእነሱ ይቀበላሉ። መምህር ይህን ገና ሳይጨርሱ አንድ ሰውዬ ከደጅ ገብቶ «ዛሬስ እንዴት ነው?» አለ። ልጅቷ «ሲስተም የለም» አለች። ፊተኛው ረድፍ «የለም አለች» አለ። መካከለኛው «የለም አሉ» አለ። በሩ ጋ ያለው «የለም ተባለ» ብሎ አስተላለፈ። ደጅ ያለው ሊስትሮ ዘንድ ሲደርስ ባንኩ ተዘግቷል ሆነ። ያለ ማጉያ ስምዎ ሔርማታን ሲያዳርስ ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ይህን ያህል ድምፅ እያለን የምናስተጋባው የእርስዎን ስም ብቻ መሆኑ ይክበድብዎ ወይም ደስ ይበልዎ፣ አላውቅም።

መጨረሻቸውን እንስማ ተባለ። በብሩክሊን ድልድይ ላይ በአንድ ቀን ከ700 በላይ ሰው ታሰረ። ከባንኮቹስ? በቀውሱ ሰበብ ወህኒ የወረደ የዎል ስትሪት ኃላፊ ሲፈለግ ዘወትር የሚጠቀሰው አንድ ሰው ነው፤ የክሬዲ ስዊስ ባንክ ባልደረባ የነበረ፣ ግብፅ የተወለደ፣ 30 ወር የተፈረደበት። «እነዚያ ዘመድ አላቸዋ» አሉ እትዬ።

በዚያው በ2004፣ ኅዳር 5 ሌሊት ፖሊስ ፓርኩን አጸዳ። ምክንያቱ የጤናና የእሳት አደጋ ሥጋት ነው፣ ከጽዳት በኋላ ያለ ድንኳን ትመለሳላችሁ ተባሉ። እትዬ በጣታቸው ቆጠሩ። «ኅዳር ሲታጠን ሳምንት እየቀረው?» ተቃዋሚዎቹ ያደራጁት በሺዎች የሚቆጠር መጽሐፍ ያለበት ቤተ መጻሕፍትም አብሮ ተጠረገ፤ ከተማው በኋላ ካሳ ከፍሏል። መምህር በዚያ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ድምፃቸው የተንቀጠቀጠው እዚህ ላይ ብቻ ነው። 700 ቢሊዮኑን በእርጋታ ነበር የተናገሩት።

በእርግጥ እርስዎም ቸር የሆኑበት ሌሊት አለ። በመጋቢት 2016 በአንድ ትልቅ ባንክ፣ ሲስተሙ ራሱን ስቶ፣ ሰው ከሌለው ሒሳብ እንዲያወጣ ፈቀደ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የእኛው ጅማ ሳይቀር፣ በሌሊት ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። በኋላ መልሱ ተባለ፤ ያልመለሱት ሰዎች ስምና ፎቶ ወጣ። ይመለስ፣ የሰው ገንዘብ ነው፤ አልከራከርም። ብቻ ለአንድ ሌሊት ስሕተት ፎቶ ከተለጠፈ፣ ለጆንያው ምን ያህል ግድግዳ ያስፈልግ ነበር ብዬ አሰብኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ቡና ሰብሳቢው ስልክ ተደውሎለት እየተራገመ ወጣ። የባጃጅ ሾፌሩ በዚህ ጊዜ፣ «እኛስ እዚህ ደጃፍ ላይ ድንኳን ብንተክል?» አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ዘበኛው ቀበቶውን አስተካከለ። እኔ ለራሴ አሰብኩት፤ ጅማ ላይ ድንኳን ከተተከለ ማንም ተቃውሞ ነው አይልም። መንገደኛው ጫማውን አራግፎ ይገባል፣ ሴቶቹ ንፍሮና ጀበና ይዘው ይመጣሉ፣ ከቆጪ ሳይቀር ለቀስተኛ ይጎርፋል። ማን ሞተ ሲባል «ሲስተም» እንላለን። «ነፍስ ይማር፤ ለመሆኑ ታመው ነበር?» «አዎ፣ ሰነባብተዋል።» ሠልስት እናወጣለን። ነገር ግን ድንኳን የለንም። ድንኳኑን የምንገዛበት ገንዘብ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ መጡ! ልጅቷ ፈገግ አለች፤ ጥርሷን ያየነው ያን ጊዜ ነው። አንድ በአንድ እየተጠራ 39 ላይ ተደረሰ። «40!» አለች። ማንም የለም። «40!» ፊተኛው ረድፍ «40» አለ፣ መካከለኛው «40 ተባለ» አለ። እኔ ቅጹን ይዤ ተነሥቼ ቆሜያለሁ። «40!» ሦስት ጊዜ መጥራት ደንብ ነው። ሦስተኛውን እንደ ጠራች ዓይኗ ወደ ስክሪኑ ዞረ፤ ከዚያ ቀስ ብላ መዳፎቿን ገለበጠች።

ከአክብሮት ጋር
ተራ ቁጥር 41

ግልባጭ፦
ለተራ ቁጥር 40፣ እሸት ቡናው ካልፈላ
ለበሩ ዘበኛ፣ እንዲያውቁት
ለዕድሩ አባላት በሙሉ፣ እስከሚቀጥለው ሐሙስ ድረስ ማንም እንዳይሞት