ከጎርፍ በኋላ የገጠሩ ገበያም ይታሰብ

ጎርፍ ከአንድ የገጠር መንደር ሲሸሽ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የፈረሰ ቤት፣ የተኛ ሰብልና የሞተ እንስሳ ነው። የጉዳት መመዝገቢያ ቅጹም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ከዚያው መንደር ዳር ግን እስከ መስኮቱ ጭቃ የሞላው አንድ ሱቅ አለ፤ ባለቤቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የራሰ ደብተር ቅጠል በቅጠል ይለያያል። ደብተሩ የዱቤ መዝገብ ነው፤ የግማሹ መንደር ዕዳ ተጽፎበታል። ቀለሙ ፈስሶ ከጠፋ ባለሱቁ ያጣው ውሃ የወሰደውን ሳሙናና ክብሪት ብቻ አይደለም፤ የሚሰበስበውን ገንዘብ በሙሉ አጥቷል። ገበሬዎቹም ምርት እስኪደርስ ድረስ የሚያሻግራቸውን ዱቤ አብረውት አጥተዋል።

ከጎርፍ የተረፈን የገጠር ሕዝብ መልሶ የማቋቋም ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ገበሬውን ለብቻው፣ ነጋዴውን ለብቻው እናያለን፤ ነጋዴውንም ራሱን የቻለ ሰው ነው ብለን ወደ ኋላ እንተወዋለን። በገጠር ግን ሱቁ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ዘርና ማዳበሪያ ሻጩ፣ ጭነት አመላላሹና ልብስ ሰፊው ከማሳው ተለይተው አይቆሙም። ከመካከላቸው አንዱ ሲዘጋ የሌሎቹም ሥራ ይስተጓጎላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ፣ ንጹሕ ውሃና መጠለያ መቅደም አለባቸው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ጥያቄው መንገድ ከተከፈተ በኋላ የሚመጣው ነው። ባለሱቁ ተበድሮ መደርደሪያውን በሞላ ማግስት ያንኑ ዕቃ በነፃ የሚያድል የጭነት መኪና ከመጣ፣ ጎርፉ ያላጠፋውን ሱቅ እርዳታው ያጠፋዋል። ስለዚህ እርዳታ ሰጪዎች የሚገዙትን ሁሉ በተቻለ መጠን ከአቅራቢያው ገበያ ይግዙ፤ ለተጎጂዎችም ጥሬ ገንዘብ ወይም በአካባቢው ሱቆች የሚሠራ ኩፖን ይስጡ። ይህን ስል ግን ድልድዩ በተሰበረበትና ዕቃ ሊገባ በማይችልበት ቦታ ገንዘብ ማደል ዋጋ ከማናር የዘለለ ጥቅም እንደሌለው አልዘነጋም። በእንዲህ ያለ ቦታ ድልድዩን መጠገን ከሁሉም የሚቀድም የንግድ ድጋፍ ነው።

አንዳንዱ ድጋፍ ገንዘብን ያህል ፍጥነትንም ይጠይቃል። የወፍጮ ቤቱን ሞተር እንውሰድ። ውሃ የገባበት ሞተር ሳይደርቅና ሳይፈተሽ ኤሌክትሪክ ከተለቀቀበት ይቃጠላል፤ በጊዜ ተፈትቶ፣ ታጥቦና ደርቆ ኩሽኔታው ቢቀየርለት ግን ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። መንደሩ ችግር ላይ ባለበት ሰዓት ባለወፍጮው ሥራ ለመጀመር መቸኮሉ አያስገርምም። በመጀመሪያው ሳምንት መሣሪያ የያዙ ሁለት ባለሙያዎች መንደር ለመንደር ቢዞሩ፣ ከወራት በኋላ አዲስ ሞተር ለመግዛት ከሚጻፈው ማመልከቻ ይልቅ ይጠቅማሉ። የጉድጓድ ውሃን በክሎሪን ማከምም እንደዚሁ ቀን የማይሰጥ ሥራ ነው።

ማሳውም የራሱ ቀጠሮ አለው። ዘር ከዘር ወቅት በኋላ ቢደርስ የሚጠቅመው ለሪፖርት ብቻ ነው። ውሃው መሸሹም መሬቱ ተመልሷል ማለት አይደለም፤ ለረጅም ጊዜ በውሃ የተሸፈነ አፈር አየር ያጣል፣ ሥር ላይ ተጠግተው ተክሉን ፎስፈረስ የሚመግቡት ፈንገሶችም ይመናመናሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝ ተፋሰስ ከደረሰው ታላቅ ጎርፍ በኋላ፣ ምንም ሳይበቅልባቸው በከረሙ ማሳዎች ላይ በተከታዩ ዓመት የተዘራው በቆሎ የፎስፈረስ እጥረት ምልክት ማሳየቱ ለዚህ ምስክር ነው። ፈንገሶቹ የሚጠጉበት ሥር እንዲያገኙ፣ መሬቱ ባዶውን ከሚከርም ፈጥኖ የሚበቅል ሽፋን ሰብል፣ ማለትም አፈሩን ለመሸፈን የሚዘራ ተክል፣ ቢዘራበት ይሻለዋል። ይህን የሚነግረው የግብርና ባለሙያም ከዘሩ ጋር አብሮ መድረስ አለበት። በፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ2022 ጎርፍ 33 ሚሊዮን ያህል ሰው ሲጎዳ፣ በሲንድ ግዛት ብዙ ቦታ ላይ ውሃው ለወራት ከማሳ አልወረደም ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ከዘሩም በፊት የሚፈለገው ውሃውን የሚያስወጣ ቦይና ፓምፕ ነው።

ብድርን በተመለከተ፣ ጥሪቱን ላጣ ሰው በቀድሞው ዕዳ ላይ ሌላ ዕዳ መጨመር እርዳታ ሊባል አይችልም። የቀድሞው ብድር የመክፈያ ጊዜ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ምርት ይራዘም፤ ወለዱም በእፎይታው ጊዜ አይቆጠር። ለትንንሾቹ ነጋዴዎች የማይመለስ መነሻ ገንዘብ ይሰጣቸው። አዲስ ብድር ከፍ ያለ አቅም ላላቸውና ለፈለጉት ብቻ ይሁን። በተለይ ንግድ ፈቃድ ሳያወጡ በየገበያው ቀን የሚሸጡ ሴቶችና መሬት ተከራይተው የሚያርሱ ሰዎች በሰነድ ስለማይታወቁ ከድጋፉ ይቀራሉ። ያጡት ግን ከሌላው አያንስም። ለእነርሱ የጎረቤትና የሽማግሌ ምስክርነት እንደ ማስረጃ ቢቆጠር ከባድ ነገር አይደለም።

ገንዘቡ የግድ ከጎርፉ በኋላ እንዲመጣም የሚያዝ ሕግ የለም። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጎርፍ ትንበያን መነሻ አድርጎ ገንዘብ አስቀድሞ በመልቀቁ፣ ብዙ ቤተሰቦች ውሃው ከፍተኛ መጠን ላይ ከመድረሱ በፊት ጥሬ ገንዘብ በእጃቸው ገብቷል። ማስጠንቀቂያው ከነገንዘቡ ሲደርስ ገበሬው ከብቱን ያሸሻል፣ ባለሱቁም ዕቃውን ከፍ ወዳለ ቦታ ያጓጉዛል።

እስከዚያው ድረስ በሚቀጥለው የጉዳት መመዝገቢያ ቅጽ ላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨመር እጠይቃለሁ፤ ለስንት ሰው ዱቤ ሰጥተው ነበር፣ መዝገቡስ ተርፏል? መዝጋቢውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከደረሰ ደብተሩን ከእሳት አርቆ ነፋሻ ጥላ ላይ ማስጣትን ለባለሱቆቹ ያሳያቸው፤ ከዚያ ከዘገየ ወረቀቱ ይሻግታል። ጽሑፉ የጠፋ እንደሆነም ባለሱቁና ደንበኞቹ በሽማግሌዎች ፊት ተቀምጠው ዕዳውን ከትዝታቸው እንደገና ይጻፉት፤ ገበሬው መክፈል እስኪችል ድረስ ያለውን ክፍተት ደግሞ የመልሶ ማቋቋሚያው ገንዘብ ይሸፍነው።